ዳንቴል የለበሰው የፀሐይ መብራት

መነሻ

ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ሁለት ባትሪ በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ጭነት የሚያወጣው ሰው ጣሪያ ላይ ሊወረውራቸው ሲል ጮኼ አስቆምኩት፤ ባትሪ ከተጋደመ አሲዱ ይፈስሳል። በመጨረሻ እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ ሰቅዬ ጉዞ ጀመርን።

የምሄደው ወደ ሀዋሳ ነው፤ ያኔ አዋሳ እንላት ነበር። እዚያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ መሥሪያ ቤታችን የፀሐይ ሰሌዳዎች ተክሏል። የክትባት ፍሪጅና የማዋለጃ ክፍሉ መብራት የሚሠሩት በዚያ ነው። ሙከራው ከተሳካ በሐይቁ ዳር አንድ መስክ ሙሉ ሰሌዳ ዘርግተን ለአንድ ሰፈር መብራት እንሰጣለን፣ ውኃም እንስባለን ብለን አቅደን ነበር። ችግሩ ማከማቸቱ ላይ ነው። ፀሐይ ቀን ቀን ያለ ስስት ትሰጣለች፤ ሰው መብራት የሚፈልገው ደግሞ ሲመሽ ነው። መካከል ላይ ያለው ባትሪ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሀዋሳው በተለወጠ ቁጥር ይሞታል። አለቆቼ «የፀሐይ ነገር ይቅርብን» ማለት ጀምረዋል።

በዚህ መሐል የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር አልማዝ ቴሌግራም ላከች፦ «ፍሪጁ እየደከመ ነው። ቅዳሜ የልጆች ክትባት አለ። ድረሱልኝ።» እንደምመጣ መልስ ልኬ ተነሣሁ።

መንገድ ላይ

ሞጆ ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን አየና ጆንያውን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው?»

«ባትሪ ነው፤ የፀሐይ ኃይል የሚያጠራቅም።»

«ፀሐይን በጆንያ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ተሳሳቁብኝና ለቀቁኝ። እኔም ሳቅሁ፤ የሚያስቀው ነገር ገና ከፊቴ እንዳለ መች አወቅሁ።

ዝዋይ ላይ ለምሳ ቆምን። የተጠበሰ ዓሣ በአንድ ብር፣ ሎሚው በላዩ ተጨምቆ፣ አጥንቱ ብቻ እስኪቀር በላሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ሜዳው ደርቆ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። እንዲህ ያለ ፀሐይ ባለበት አገር ባትሪ እንዴት ባዶ ይሆናል እያልኩ ተብሰለሰልኩ።

ሀዋሳ

ከአውቶቡስ ወርጄ ጋሪ ያዝኩ። ፒያሳን አልፈን፣ በሐይቁ በኩል ታጥፈን፣ በአቧራማው መንገድ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ሲስተር አልማዝ እየሮጠች ወጣች። ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ናት።

«መጡልኝ? መልስ ሳጣ የማይመጡ መስሎኝ ነበር!»

ቴሌግራሜ አልደረሳትም። ፍሪጁን ከፈትን። ለብ ያለ አየር ፊቴን መታኝ። ብልቃጦቹ ላይ ላብ ወጥቷል።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ነው» አለች ድምጿ እየተቆረጠ። «እናቶቹ ለነገ ተጠርተዋል። በገበያ ሁሉ አስለፍፈናል።»

ባትሪዎቹን ለካሁ፤ ባዶ ናቸው። አዲሶቹን ከማሰሬ በፊት ሰሌዳዎቹን ልያቸው ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ክው ብዬ ቀረሁ።

ሰሌዳዎቹ ከዳር እስከ ዳር ነጭ አቡጀዲ ለብሰዋል። ዙሪያው ዳንቴል ነው፤ መካከሉ ላይ በቀይና በቢጫ ክር ፀሐይ ተጠልፎበታል። እውነተኛዋ ፀሐይ ከላይ እያነደደች፣ የጨርቋ ፀሐይ ከሥር ታጥባ ተተኩሳ ተዘርግታለች።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ አቶ ቡሪሶ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ተደናግጠው እየሮጡ መጡ።

«አቶ ቡሪሶ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነው።»

«የምን ልብስ?»

«የመስታወቱ። አቧራ እንዳይነካው። እንግዳ ሲመጣ እናወልቃለን። ዛሬ መምጣትዎን አልሰማንም፤ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ጌታዬ።»

ይቅርታ የጠየቁኝ ሳያወልቁ ስለቆዩኝ ነው! ጭንቅላቴን ያዝኩ። ከእኔ በፊት የመጡት ባለሙያዎች ሁሉ አስቀድመው አስታውቀው ነው የመጡት። ጨርቁ ይነሣል፣ ሰሌዳው ይለካል፣ «ሰሌዳው ጤነኛ፣ ባትሪው የሞተ» ተብሎ ይጻፋል። አዲስ ባትሪ ተሞልቶ ይመጣል፣ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ እንግዳው ሲሄድ ጨርቁ ይመለሳል።

ሲስተር አልማዝ ግራ ተጋብታ ታየኛለች። «ግን እኮ ይሞቃል» አለች። «ከጨርቁ ሥር ይንኩት፣ ያቃጥላል። ሙቀቱ ያልፋል ብለን ነው።»

ነካሁት፤ እውነቷን ነው፣ ያቃጥላል። ሰሌዳው የሚፈልገው ሙቀቱን ሳይሆን ብርሃኑን እንደሆነ ግን የነገራት ሰው የለም።

ወሬው ደርሷቸው የቀበሌው ሊቀመንበር መጡ። «ጨርቁን የሠሩት የሴቶች ማኅበር አባላት ናቸው። በጋው ገብቶ አቧራው ሲብስ ይሸፈን ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጓድ፣ የመንግሥት ንብረት ነው። አንድ ነገር ቢሆን አሻጥር ነው ይባላል። የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ።»

ከመቆጣት ይልቅ ጨርቁ እንዲነሣ ጠየቅሁ። አቶ ቡሪሶ ጨርቁን በቀስታ አንሥተው እንደ ነጠላ አጠፉት። አዲሶቹን ባትሪዎች አሰርኩ፤ ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። ሲስተር አልማዝ ግን አልተደሰተችም። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያወጣች ለመጣል ባልዲ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር።

«አሁን እኮ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

«የሞቀ ክትባት ቢቀዘቅዝ ተመልሶ አይድንም። ልጅ ላይ አልወጋውም።»

ቅዳሜ

ጠዋት እናቶቹ ግቢውን ሞሉት። በጀርባም በእቅፍም ልጅ ነው። ሲስተር አልማዝ ደረጃው ላይ ቆማ ክትባቱ መበላሸቱን፣ ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ እንዳለባቸው ነገረቻቸው፤ አቶ ቡሪሶ በሲዳምኛ አስተረጎሙ። ከፊት የነበረች፣ የልጇን ራስ ከፀሐይ በመዳፏ የከለለች እናት አንድ ነገር ተናገረች። ወደ አቶ ቡሪሶ ዞርኩ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«በፀሐይ ነው የሚሠራው ብላችሁናል፤ ይኸው ፀሐይ ወጥታለች፣ ታዲያ ምን ጎደለ? ነው የምትለው።»

ፍሪጁ ከኋላችን በደንብ ይሠራል፤ ባዶውን።

ቤት

እሑድ ማታ ቤቴ ገባሁ። በመንገድ ላይ ሪፖርቴን በልቤ ጽፌ ጨርሻለሁ፦ ባትሪው አልበደለም፣ ፀሐይም አልበደለችም፤ ሰሌዳ ስንተክል ምን እንደሚበላ ለሰዎቹ ሳንነግር፣ እንዳይበላሽ ብቻ አስፈራርተናቸው ሄድን። መስክ ሙሉ ብንዘረጋም መስክ ሙሉ ጨርቅ ነው የሚለብሰው።

እራት እስኪቀርብ ለባለቤቴ እያወራኋት፣ በንዴት እጄን ሳወራጭ ዓይኔ ጥግ ላይ ያለው ሬዲዮ ላይ አረፈ። ነጭ ዳንቴል ለብሷል።

«ይሄን ደግሞ ማነው ያለበሰው?» አልኳት።

ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘች ዞር አለች። «አንተ ነህ እንጂ! ውድ ዕቃ ነው፣ አቧራ እንዳይነካው ብለህ።»