በደረቀው ጉድጓድ ላይ የምሰጠው ፍርድ

ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። ዲያቆን ኪሮስ፣ የዜማ ቤት ተማሪ፣ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች «ያ የዛሬው ድምፅ የማን ልጅ ነው?» እያሉ የሚጠያየቁለት። ፈንታነሽ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና እየቆጠረች በአማርኛ የምትሟገት፣ የካርታችን ሠሪ። ጋሽ ዓለሙ፣ የቀድሞ ወታደር፣ የውኃ ቆፋሪዎቹ መጋዘን ጠባቂ፣ ግራ እግራቸውን ጎተት የሚያደርጉ። የኔታ ሀብቱ፣ የኪሮስ መምህር፣ ሳይቆጡ የሚያስፈሩ። እና እኔ፣ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ አናጢ ዘንድ የተቀጠርኩ፣ እንግሊዝኛን ሽፋኑ በተገነጠለ መዝገበ ቃላት ብቻዬን የተማርኩ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ።

ይህን የሚያጽፈኝ ንዴት ነው፤ አልደብቅም። ልጄ ትርሐስ ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ በረንዳ ላይ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና «አባ፣ የእርስዎን መጽሐፍ አገኘሁት፤ ግን ሰድበውታል» አለችኝ። እናቷ ከውስጥ ሆና ሳቀች። እናቷ ከላይ የጠራኋት ፈንታነሽ ናት። ትርሐስ እያነበበች እንደነገረችኝ፣ በውጭ አገር በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች የልጅነታቸውን የጀብዱ መጻሕፍት ከየሣጥኑ እያወጡ፣ ገጽ በገጽ እየገመገሙ፣ ከአምስት ኮከብ ይህን ያህል እያሉ ፍርድ ይሰጣሉ። እኔ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሰቆጣ ላይ በደብተር ጀርባ የሠራሁትን እነሱ ዛሬ እየሠሩት ነው፤ ይሥሩ። ያናደደኝ ቁጥሩ ነው። እኔ «የደረቀው ጉድጓድ» ብዬ የተረጎምኩትን መጽሐፍ ከአምስት ሁለት ሰጥተውታል።

ተነሥቼ መጽሐፉ ያለበትን ካርቶን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። ስከፍተው አስቀድሞ የወጣው የቁፋሮ ማሽን ግራሶ ሽታ ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት አልፎበት እንኳ ወረቀቱን አልለቀቀም። ሽታው ይዞኝ ሄዶ መጋዘኑ ውስጥ፣ በተደራረቡት የብረት ቱቦዎች መካከል አስቀመጠኝ፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው የእሑድ ከሰዓት ፀሐይ የሲሚንቶ አቧራውን ሲያንሳፍፈው፣ ጋሽ ዓለሙ በርሜል ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያሹ ይታየኛል።

ካርቶኑን የተወልን አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ነገረ ሥራው ዝም ያለ ፈረንጅ ቆፋሪ ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄድ ለጋሽ ዓለሙ ሰጣቸው፤ ጋሽ ዓለሙም መደርደሪያ ልሠራላቸው ስመጣ «አንተ ፊደል ትወዳለህ፣ ውሰደው» አሉኝ። ውስጡ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍትና የባቄላ ፍሬ የሚያክል፣ ሃያ ፊት ያለው ሰማያዊ የዕጣ ጠጠር ነበሩ። መጻሕፍቱ ተረት አይደሉም፤ የጨዋታ መንገዶች ናቸው። አንዱ መጽሐፉን ይዞ መንገደኞቹ ምን እንደገጠማቸው ያነባል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ መንገደኛ ይሆናሉ፣ አንዱ ሰይፍ ያዥ፣ አንዷ መድኃኒት አዋቂ፣ እና የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚለውን ጠጠሩ ይወስናል። የጨዋታው ሕግ የተጻፈበት ዋናው መጽሐፍ ግን ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሕጉን ከሦስቱ መጻሕፍት ለቃቅመን ራሳችን አወጣነው፤ የጎደሉትን ባለአራት፣ ባለስድስትና ባለስምንት ፊት ጠጠሮች ከወይራ እንጨት ቀርጬ አሟላሁ። ባለስምንቱ ትንሽ ያጋድል ስለነበር ሰባት ያበዛ ነበር። ፈንታነሽ ይህን ከሁላችንም ቀድማ ደርሳበት ለሦስት ሳምንት ዝም ብላ ተጠቀመችበት።

አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራን፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። በመጻሕፍቱ ውስጥ በሣጥን የተከበበ ጽሑፍ አለ፣ እሱ ለሁሉም የሚነበብ ነው፤ ከሣጥኑ ውጭ ያለው ደግሞ፣ ወጥመዱ የት እንዳለ፣ ማን ከሃዲ እንደሆነ፣ አንባቢው ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ነው። ይህን ያወቅሁት በቅርቡ ከትርሐስ ነው። ያኔ መጽሐፉን ይዞ እኔ ስተረጉምለት በአማርኛ የሚያነበው ኪሮስ ነበር፤ ኪሮስ ደግሞ ያደገው ድርሳን ከተከፈተ እስከ መጨረሻው በሚነበብበት ቤት ነው። መዝለል በእሱ ዘንድ ስርቆት ነበር። ስለዚህ ሁሉን አነበበ። ሦስተኛው ደረጃ ሥር ጉድጓድ እንዳለ፣ ሽማግሌው መርዝ እንደያዘ፣ ሁላችንም አስቀድመን እያወቅን ገባን። ጋሽ ዓለሙ በመጀመሪያው ቀን «ታዲያ ጉድጓዱን እያወቅሽ ምን ልትሆኚ ትረግጪዋለሽ?» ብለው ፈንታነሽን ሲስቁባት፣ እሷ ኮስተር ብላ «እኔ አውቃለሁ፤ የያዝኳት መንገደኛ ግን አታውቅም። ሰው ሆኜላት ስገባ ልሰርቅላት ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታችን ይህ ሆነ፤ ጉድጓዱን እያወቁ፣ የያዙትን ሰው ሳያታልሉ፣ በሐቅ መርገጥ። ምስጢሩን ደብቀው የሚጫወቱት ከዚህ የበለጠ ምን እንዳገኙ የሚያሳየኝ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ሌላው ሕጋችን የምግብ ነበር። እነዚያ መጻሕፍት ቀስት ሲቆጥሩ አንዲት አታልፋቸውም፤ ስንቅን ግን «የሰባት ቀን ስንቅ» ብለው በአንድ መስመር ጽፈው ይረሱታል። የጻፉት ሰዎች ጦም አድረው እንደማያውቁ ከዚህ ይታወቃል። ዋግ ላይ ይህን የሚቀበል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ኪሮስ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ከአኩፋዳው አውጥቶ በተገለበጠ በርሜል ላይ ይደረድርልን ነበር፤ መንገደኞቹ አንድ ቀን በተጓዙ ቁጥር አንድ አንድ ቁራሽ እንበላለን፤ ቁራሹ ሲያልቅ የትም ይድረሱ የት ጉዞው በዚያው ይቆማል። እውነተኛ ረኃብ የገባበት ጨዋታ ነበር። ከሁሉ አብዝቶ የሚበላው መንገደኛ የእኔ ነበር። ሰይፍ ያዥ ስለሆነ ነው እል ነበር።

ፍርዴን ያኔም ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩ እዚሁ ካርቶን ውስጥ ነው። «የፏፏቴው ዋሻ» ጥሩ ነው፤ መንገዱ ቅርንጫፉ ብዙ፣ አውሬው ጥቂት፣ ልጅ ቢያነበው የማይጎዳ። «የከበባው ግንብ» መጥፎ ነው፤ የተኙ ሰዎችን አርዶ ብራቸውን የወሰደውን መንገደኛ ይሸልማል፤ ጋሽ ዓለሙ እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ «ይህን የጻፈው ሰው ግንብ ከብቦ አያውቅም» ብለው ተነሥተው ወጡ፤ እኛም ዘጋነው፣ ተመልሰን አልከፈትነውም።

«የደረቀው ጉድጓድ» ግን ሌላ ነው። የአንድ መንደር ውኃ ይጠፋል፤ መንገደኞች ውኃው የት እንደሄደ ለመፈለግ በደረቀው ጉድጓድ ይወርዳሉ። ሀብት የለበትም፤ ውጊያውም ሁለት ብቻ ነው። ከታች፣ ከመሬት ልብ ውስጥ፣ ምንጩን የዘጋ ትልቅ የድንጋይ መዝጊያ አለ፤ ውኃው እንዲያልፍ አንዱ መንገደኛ መዝጊያውን በትከሻው ደግፎ መቅረት አለበት። ሌሎቹ ይወጣሉ፣ እሱ አይወጣም። ብልሃት የለውም፣ ጠጠርም አያድንም። ትርሐስ እንዳነበበችልኝ ፈረንጆቹ ሁለት ኮከብ የሰጡት ለዚህ ነው፤ ተጫዋች የለፋበትን ሰው ያለ አማራጭ ማጣቱ ፍትሕ አይደለም ብለዋል።

እኛ እዚያ የደረስነው በሁዳዴ መግቢያ ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ኪሮስ እንደ ልማዱ ሁሉን አስቀድሞ ስላነበበው ከአፍ እስከ ታች ስንወርድ አንድ ሰው እንደሚቀር እናውቅ ነበር። ከመዝጊያው ፊት ስንደርስ ሁለት ቁራሽ ቀርቶናል። ጋሽ ዓለሙ «እኔ አንድ እግር ነው ያለኝ፣ ድንጋይ አልደግፍም» አሉ። ፈንታነሽ ካርታዋ ላይ ጎንበስ አለች። እኔ አንዱን ቁራሽ አንሥቼ ጎረስኩና፣ ደረቴን ነፍቼ «እኔ እቀራለሁ» አልኩ። ኪሮስ ሳቀና «ጎርሶ የሚቀር ጀግና ዛሬ አየሁ» አለኝ።

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። የኔታ ሀብቱ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ዲያቆኑ እንጨት እየበተነ ዕጣ ይጥላል ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተሣለውን ክብና መስመር አዩ፤ ጠጠሮቹን አዩ፤ ከዚያ አኩፋዳውንና በርሜሉ ላይ የቀረችውን አንዲት ቁራሽ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ኪሮስ ፈጠን ብሎ «የኔታ፣ ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል» አለ። እሳቸው ቀስ ብለው መለሱ፦ «ዕጣውን ተወው። ይህ በእመቤታችን ስም የተለመነ ነው። ማን በላው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የኔታ ጠንቋይ መስለናቸው ተሳስተዋል፤ ከተማውም ለዓመታት ቁማርተኛና መተተኛ ሲለን ተሳስቷል፣ ዛሬም የሚል ካለ ፊት ለፊቴ ይምጣ። በቁራሹ ግን ልክ ነበሩ። ለተማሪ ጉሮሮ የተሰጠውን የልብ ወለድ መንገደኛ ስንቅ አድርገን በልተነዋል። ከሁሉ የበለጠ የበላሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ያን ሰዓትም አፌ ውስጥ ነበር። አፌ ሙሉ ስለነበር አልመለስኩም እንዳልል፣ ዋጥኩት። ከዋጥኩ በኋላም አልተናገርኩም።

«እንጨቱንስ ማን ቀረጸው?» አሉ። ዝም አልኩ። ፈንታነሽ ብድግ ብላ «ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ የኔታ» አለች፤ እግሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ኪሮስ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ረጅም አልነበረም፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ «የበላሁትም እኔ፣ የቀረጽኩትም እኔ» አለ። የኔታ የወይራ ጠጠሮቼን ለቃቅመው ወጡ፤ ሰማያዊዋ በጋሽ ዓለሙ መዳፍ ውስጥ ተደብቃ ተረፈች።

በዚያው ሳምንት ኪሮስ ከዜማ ቤት ተባረረ። ለቅስና ሊታጭ የወራት ጉዳይ ቀርቶት ነበር። የሰሊጥ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ሰቆጣን ማደሪያ አላደረጋትም። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ትርሐስ ጡት በጣለችበት ዓመት፣ ኒሯቅ ገበያ ላይ ፍየል ሲነግድ አገኘሁት። ከእኔ ቀድሞ ሸምግሏል። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት አስቆመኝና «ጉድጓዱ እንዳለ እያወቅሁ ነው የረገጥኩት፤ እንደዚያ አልነበር የምንጫወተው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የፍየሉን ገመድ እያጠበቀ፣ ሳያየኝ፣ «‹እኔ እቀራለሁ› ያልከው ግን አንተ ነበርክ» አለኝ። ትዘምራለህ ወይ አልኩት። ፍየል ዜማ አይሰማም አለ።

ልጆቼን በጥብቅ ነው ያሳደግሁት፤ ዋሽተው ሲገኙ ሳይሆን ዝም ብለው ሲገኙ ነው የምቀጣው፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቁት እናታቸው ነግራቸው ነው። መጽሐፉን ግን አላቃጠልኩም፣ አላቃጥልምም። ያቺን እሑድ መልሳችሁ ብትሰጡኝ እንደገና እጫወታለሁ፤ ቁራሹን ብቻ ከቤቴ አመጣለሁ። እናንተ ኮከብ ቆጣሪዎች ደግሞ ፍትሕ የለውም ያላችሁት ገጽ በሕይወቴ ካነበብኩት ሁሉ እውነተኛው ነው። አንድ ሰው ይቀራል፤ ይህን ደብቆ ከሚያጫውት መጽሐፍ ገልጦ የሚናገረው ይበልጣል። አምስት ከአምስት።

ትርሐስ ግምገማው መጨረሻ ላይ ዋጋው ስንት እንደሆነ መጻፍ የተለመደ ነው ብላኛለች፤ እንግዲህ ልጻፍ። ኪሮስን ቅስናውን አስከፍሎታል። የኔታ ሀብቱን ወንበራቸውን ሊወርስ የነበረውን ድምፅ፤ እስኪያርፉ ድረስ እንደሱ ያለ አላገኙም። ጋሽ ዓለሙን፣ ቁማር አስጠልለዋል ተብለው፣ የመጋዘኑን ቁልፍና እንጀራቸውን። እኔን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ነኝ ብዬ የማስበውን ሰው። ፈንታነሽን፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ተነሥታ የተናገረችውን ልጅ ደግሞ፣ ዝም ያለውን አግብታ መኖር።