የተነሳች ባንዲራ አትዋረድም

ብረቱ ሰው አይወድም። ሰውም እሱን አይወድም፤ እኩል ናቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የብረት በር ሲበይድ ይውላል፤ እሁድ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እግር ኳስ ይዳኛል። «ብረቱ» ያሉት በሥራው ብቻ አይደለም። አንዴ ከነፋ ነፋ ነው፤ ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ውሳኔውን አይመልስም።

ዳኞች መሃል ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ የተነሳች ባንዲራ አትዋረድም። የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ባንዲራ ካነሳ፣ ዋናው ዳኛ ሌላ ነገር ቢያይ እንኳ ይነፋለታል። ባልደረባን ሕዝብ ፊት ማሳፈር ነውር ነዋ! ተጫዋቹ እርር ድብን ይበል፣ ማን ጉዳዩ ነው።

የሊጉ የመጨረሻ እሁድ መስመር ላይ የቆመው የሚስቱ ወንድም ነበር። ዳኝነት ያስተማረው፣ ያችንም ሕግ ያጠጣው ራሱ ብረቱ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ላለመውረድ የሚፍጨረጨረው ቡድን ጎል አገባ። ባንዲራዋ ተነሳች። ብረቱ ግን አይቷል፤ አንድ ተከላካይ ከአጥቂው አልፎ ጎሉ አጠገብ ተገትሮ ነበር፤ ጎሏ ንጹሕ ነበረች። ነፋና ሻራት። ቡድኑ ወረደ።

ዱሮ ቢሆን ዳኛ በጓሮ በር ሹልክ ይል ነበር። ዘንድሮ ግን ፌዴሬሽኑ አዲስ ነገር አምጥቷል፤ ሰኞ ሰኞ ማታ ዳኛው አሰልጣኞች ፊት ተቀምጦ ቪዲዮውን እያየ ይጠየቃል።

ብረቱ ወደ አዳራሹ ሲገባ ሰላም ያለው የለም። እሱም አላለም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ምስሉን ጎሉ ላይ አስቆሙት። ተከላካዩ እንደ ምሰሶ ቆሟል።

«የመስመር ዳኛ፣ ምን ትላለህ?»

የሚስቱን ወንድም ላብ አጠመቀው። «ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ። ተሳስቻለሁ።»

«ዋና ዳኛ፣ አንተስ?»

«አላየሁም» ቢል ነገሩ ያልቃል፤ ፊሽካውም አንገቱ ላይ ይቀራል። የሚስቱ ወንድም በጉልበቱ ጎሸም አደረገው። «ጋሼ፣ አላየሁም በልና እንሂድ» አለ በሹክሹክታ።

ብረቱ ሊለውም አፉን ከፍቶ ነበር። የወረደው ቡድን አሰልጣኝ ቀደመው። «እሱ ምን ያያል? ዕውር!»

እንዴ! ሌባ ቢለው ይችለው ነበር። ብረቱ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሳ።

«ዕውር አባትህ! አይቻለሁ። ከማንህም በላይ አይቻለሁ። ጎል ነበር!»

«ታዲያ ለምን ነፋህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ባንዲራ ተነስታ አልነፋም ልበል?»

ለተሳሳተው ማስጠንቀቂያ፣ አይቶ ለነፋው ዕድሜ ልክ እገዳ ተፈረደ። ፍርዱ ልክ ነው። ለዚያም ነው ብረቱ የበለጠ የተናደደው።

በማግስቱ የሚስቱ ወንድም ብየዳ ቤቱ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያፍተለትላል።

«ጋሼ፣ ዳኛ ጠፍቶ ለእሁዱ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ዋና ዳኛ አድርገውኛል። መቼም ፊሽካህ ሥራ ፈታች… ብትሰጠኝ ብዬ።»

ብረቱ ፊሽካዋን ከኪሱ አወጣት።

«መስመር ዳኛው ባንዲራ ቢያነሳ፣ አንተ ደግሞ ጎል መሆኑን ብታይ፣ ምን ታደርጋለህ?»

«እነፋለሁ ነዋ! የተነሳች ባንዲራ አትዋረድም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ብረቱ ብረት አጥብቆ ወደሚይዝበት ሞርሳ ዞረ። ፊሽካዋን ሞርሳው መሃል አስገባና እስክትሰነጠቅ ድረስ እጀታውን ጠመዘዘ።