ሰባተኛዋ ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት የፊልም መምህራችን ጥቁር ሻንጣ ይዞ ክፍል ገባ። ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ካሜራውን ሲያወጣ ከኋላ ያሉት ልጆች አንገታቸውን አሰገጉ። «እንዲህ ያለ የሲኒማ ካሜራ ከዚህ በፊት የነካ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መምህር ሲጠይቅ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ የሚወጣ ዓይነት ተማሪ ነኝ። ያን ቀን ግን ሁለቱንም እጆቼን ጭኔ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ። ካሜራውን አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ በጣቴ ብቻ ማግኘት እችላለሁ።

ያወቅሁት ሐይቅ ከተማ፣ የአጎቴ ልጅ ሰይድ ከሳዑዲ በተመለሰበት ዓመት ነው። ሌሎች ሲመለሱ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ ካሜራ ይዞ መጣ። ሐሳቡ ሰርግ መቅረጽ ነበር። ነገር ግን በእኛ ሰርግ የሴቶቹ ዳስ ውስጥ ወንድ ካሜራ ተሸክሞ ዘው ማለት አይችልም፤ ሙሽሪት ብትፈቅድ አክስቶቿ አይፈቅዱም። እኔ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «ፎዚ፣ ያለ አንቺ ይሄ ሥራ አይሆንልኝም» አለኝ። እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድን ማስደሰት ሥራዬ ሆነ።

ቅዳሜና እሁድ ከቤታቸው ጓሮ፣ ዘይቱን ዛፍ ሥር ያስተምረኝ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ የበሰለው ዘይቱን መሬት ላይ እየፈረጠ ሽታው አካባቢውን ሞልቶታል። ይቺ ብርሃን ትጨምራለች፣ ይቺ ቀለሙን ከፀሐይና ከአምፖል ጋር ታስማማለች፣ ይቺን ስትጫኚ መቅረጽ ይጀምራል፤ ሁሉንም ቁጥር ሰጥቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሲበቃኝ ሻሼን ዓይኔ ላይ ስቤ እፈተናለሁ።

«የቀለሟ?»

«በአውራ ጣት፣ ወደ ግራ።»

«ማሻአላህ! ጅዳ ያሉ ባለሙያዎች እንኳ እንደዚህ አያገኟትም።»

«ውሸታም።»

«ወላሂ! እነሱ ዓይናቸውን ገልጠው ነዋ የሚፈልጓት።»

ቁጥር ሰባት በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረባት ነበረች። ደብተሩ አሁንም አለ፤ እንዲህ ይላል፦ «የቀስታ ቁልፍ። ስትበራ እንቅስቃሴው ይዘገያል። ድምፅ አይቀዳም። ሲያበቃ ማጥፋት።» ሰይድ ደግሞ አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር። «ሰው ሲናገር ሄድፎኑን ከጆሮሽ እንዳታወርጂ። ካሜራው ምን እንደሰማ የምታውቂው በእሱ ብቻ ነው።» እሱንም ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ሥራችን ግን ሰርግ አልሆነም። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ እማማ ዘሐራ የምንላቸው እናት ነበሩ፤ ልባቸውን ያማቸዋል። አንድ ልጃቸው ሉባባ ሪያድ ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ልታገባ ነው፤ ኒካሁም እዚያው ነው። እናትየው መሄድ አይችሉ፣ እሷም መምጣት አትችል። ስልክ ስትደውል ድምፃቸው እየተቆራረጠ ያስቸግራታል። ሰይድን «እናቴ ዱዓ ስታደርግልኝ ቅረጹልኝ፤ ኒካሁ ላይ ለሁሉም አሰማዋለሁ» አለችው። እማማ ዘሐራም «ወንድ ፊት አላለቅስም፤ ልጅቷን ላክልኝ» ብለው ላኩበት።

ቀጠሮው ቅዳሜ ነበር። በዚያው ቀን ንጋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰይድና እኔ ዓሣ አጥማጆችን ለመቅረጽ ሐይቁ ዳር ወረድን። ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቷል። አንዱ አጥማጅ መረቡን ሲያነሳ ሰይድ «ሰባትን!» አለኝ፤ ሳላይ በጣቴ ጫንኳት። መልሰን ስናየው የውሃው ጠብታዎች ክሩ እንደተበጠሰ መቁጠሪያ አንድ በአንድ፣ በቀስታ ይወርዳሉ። ከዚያ በፊት በእጄ እንዲህ ያለ ውብ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሰይድ ባትሪ ሊገዛ ወደ ደሴ ሄደ፤ እኔን ወደ እማማ ዘሐራ በሚሄድ ባጃጅ አሳፈረኝ። መንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላ ነው። ባለባጃጁ ጥንቅሽ ሰብሮ ሰጠኝ፤ እየመጠጥኩ ስለ ጠብታዎቹ ሳስብ ደረስኩ። ቁልፎቹ እንዳይጣበቁ ብዬ እጄን እማማ ዘሐራ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ጥንቃቄዬ ሁሉ እዚያ ላይ አለቀ።

እማማ ዘሐራ ሉባባ የላከችላቸውን ወይን ጠጅ ሻርፕ ለብሰው በር አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው እትዬ ታደለች ትራሱን ታመቻችላቸዋለች።

«ልጄ፣ ጥርሴ እንደወለቀ ታሳያለች ይቺ?» አሉኝ።

«አፍዎን ካልከፈቱ አታሳይም።»

«አፌን ሳልከፍት ዱዓውን በምኔ ላድርገው?»

እትዬ ታደለች እየሳቀች ስልኳን አወጣች። «እኔም በዚች ልያዛቸው፤ ለማስታወሻ።»

«አጥፊው እትዬ» አልኳት። «ጥሪ ከመጣ ድምፁን ያበላሽብናል። ይሄ የሲኒማ ካሜራ ነው።» ሳትከራከር አጠፋችው።

እማማ ዘሐራ እጃቸውን ዘረጉ። ሄድፎኑ አንገቴ ላይ ነበር፤ ወደ ጆሮዬ ላነሳው ስል አፈርኩ። አንዲት እናት ዱዓ ስታደርግ ጆሮን ደፍኖ ፊቷ መቆም ነውር መሰለኝ። እኛ ዘንድ ዱዓ ላይ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ሄድፎኑን አንገቴ ላይ ተውኩት፤ አንድ እጄን ዘረጋሁ፤ ዓይኔ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር። ግንባራቸው እንዳይቆረጥ፣ የበሩ ብርሃን እንዳይበዛ፣ ዓይናቸው ጥርት ብሎ እንዲታይ እጠብቃለሁ። እትዬ ታደለች አሚን ስትል አሚን እላለሁ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። እንባቸው ሲወርድ «እንዴት ያምራል» አልኩ በልቤ።

«ገባ?» አሉኝ ፊታቸውን እየጠረጉ።

«ገብቷል እማማ፣ አብሽሩ።»

ስንመለስ፣ ሲጠብቀኝ የቆየው ባጃጅ ገና መንደሩን ሳይለቅ ቀረጻውን ከፈትኩት። መዳፎቻቸው በቀስታ ይነሳሉ። ከንፈሮቻቸው በቀስታ ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉ። ዐሥር ደቂቃው አርባ ሆኖ ተለጥጧል፤ ድምፅ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት እንደበራች ነበረች።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ባለባጃጁ ፊቴን በመስታወቱ አይቶ። የቤታቸው ቆርቆሮ ከኋላችን ይታያል። መልሰኝ ብለው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ደጃፋቸው ነበርኩ።

«ምንም» አልኩት።

ማታ ሰይድ «ድምፁስ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጥሩ ነው» አልኩት። ያለ አንቺ አይሆንልኝም ያለኝ ሰው ፊቱ እንዲለወጥብኝ አልፈለግሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰበብ ፈልጌ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። እማማ ዘሐራ ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ ሞቱ።

ሰይድ ቀረጻውን የከፈተው ከቀብር በኋላ፣ ሉባባ በስልክ እያለቀሰች ስትለምነው ነው። ድምፁን ለመጨመር ሦስቴ ሞከረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አልጮኸም።

«መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ቀን።»

«ብትነግሪኝ በማግስቱ እወስድሽ ነበር። አራት ቀን ነበረን እኮ፣ ፎዚያ።»

ሁልጊዜ ፎዚ ነበር የሚለኝ።

እትዬ ታደለች ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ። እሷ እንኳ ታስታውስ እንደሆን ብዬ ነበር። «እንደዚያ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። «ልድገመው ብል ግን አይመጣልኝም። በስልኬ ይዤው ቢሆን…» ብላ ፊቴን ስታይ እጄን ይዛ አነሳችኝ።

ከወር በኋላ ሉባባ ጻፈችልኝ። «ድምፁ ባይኖርም ግድ የለም። አንቺ እዚያው ነበርሽ። ምን ምን እንዳለችልኝ ጻፊልኝ፤ ይበቃኛል።»

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ተራዬ ደረሰና መምህሩ ካሜራውን ሰጠኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ሄድፎኑን በሻሼ ላይ ጫንኩት፤ ቀጥሎ ሰባተኛዋን ቁልፍ በጣቴ ፈለግሁ። አገኘኋት፤ አልበራችም። የክፍል ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ቆማ «ምን ልበል?» እያለች ትስቃለች። ሳቋ፣ የወንበሩ ድምፅ፣ ትንፋሿ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማኛል። መምህሩ «ጎበዝ፣ ለምደሽዋል» አለኝ። ያ ቃል ድሮ ቢሆን ለሳምንት ስንቅ ይሆነኝ ነበር።

ለሉባባ ብዙ ጊዜ መልስ ጀምሬ ትቻለሁ። ስለ ሻርፑ ቀለም መጻፍ እችላለሁ፤ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደገባ፣ እንባቸው በየትኛው ጉንጫቸው እንደወረደ አውቃለሁ። በአንድ ክንድ ርቀት ነበርኩ። የተናገሩትን ግን አልሰማሁም። አሚን እል ነበር፤ ለምኑ አሚን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።