በግራ ዓይኔ ያየሁባት ቀን

ዐረብ አገር፣ አርካዊት በሚባል ሰፈር፣ በሰው ቤት ስሠራ ጨዋነቴ ተመስክሮልኛል። መዳም ለእንግዶቿ "ይቺ የወሎ ልጅ ቀና ብላ ሰው አታይም" ትል ነበር። ወይ ጨዋነት! ቀና የማልለው የግራ ዓይኔን እንዳያዩብኝ ነው። በልጅነቴ ታምሜ ብሌኑ ላይ ስስ ነጭ ጠባሳ ቀርቶብኛል፤ በዚያ ዓይን ጥላ እንጂ የሰው መልክ አልለይም። ቀርበው ካላዩት ግን አያስታውቅም። ሥራ ያስገባችኝ ደላላ ያገሬ ልጅ ናት። "ዓይንሽን ካወቁ ሕፃን አይሰጡሽም፤ ጠርሃሽን ከግንባርሽ ዝቅ አድርገሽ አንገትሽን ድፊ" ብላ ሻርፔን ራሷ አስተካከለችልኝ።

እውነትም ሕፃን ሰጡኝ። የአርባ ቀን ልጅ ነበረች። አራት ዓመት አዘልኳት፣ አጠብኳት፣ ዳዴ አስባልኳት። እናቷ ቢሮ ውላ ስትመጣ ልጅቷ ከእኔ ጉያ አልወጣም ትላለች፤ መዳም ያኔ ፊቷ ይጠቁራል። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

የመዳም ወንድም ፈረንጅ አገር ምህንድስና ይማር ነበር። ሞባይል እንኳ ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን ለዕረፍት ሲመጣ ራስ ላይ የሚጠለቅ፣ በሽቦ ከኮምፒውተር የሚገናኝ መሣሪያ ይዞ መጣ። እንደ ቴሌቪዥን መስታወት የለውም፤ ሥዕሉን በቀጭን ቀይ ብርሃን እዚያው ዓይን ውስጥ፣ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ይጽፈዋል አለን። ቤተሰቡ በተራ አጠለቀው። ከዚያ "ያላ፣ አንቺም ነይ" አለኝ።

መሣሪያው የሚገጠመው ለግራ ዓይን ብቻ ነው። ክው አልኩ። እምቢ ብል ለምን ይሉኛል፤ ስለዚህ ምንም ሳላይ "ያምራል" ብዬ ላልፍ ወሰንኩ። ሲያጠልቅልኝ መጀመሪያ ጨለማ ነበር። ትንሽ አስተካከለው። ከዚያ፣ ወላሂ፣ ጀልባ አየሁ! ቀይ ጀልባ፣ ሸራዋ ከነገመዱ!

"አየሁ! በዕውሩ ዓይኔ አየሁ!" ብዬ በዐረብኛ ጮህኩ። አለቀስኩም። ወይ ነዶ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አራት ዓመት አንገቴን ደፍቼ የደበቅሁትን በአንዲት ጀልባ አወጣሁት።

ወንድምየው በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ብርሃኑ ቀጭን ስለሆነ በጠባሳው መሀል ሾልኮ ገባ እያለ ያስረዳል፤ ጠርሃዬን ገልጦ ዓይኔን ፎቶ አነሳና ደብተሩ ላይ ይጽፍ ጀመር።

"ይህ ነገር ለእኔ ይሆናል?" አልኩት።

"የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ለሙከራ ነው" አለኝና መጻፉን ቀጠለ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም።

መዳም ግን ቀርባ ዓይኔን አየችው። "ልጄን እስከ ዛሬ በአንድ ዓይን ነው የያዝሽው? እሳት አጠገብ? ደረጃ ላይ? ለምን ደበቅሽኝ?" ብነግራትማ አንድ ቀን አታሳድረኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ሠራተኛ መጣችና ልብሴን በፌስታል አደረግሁ። ወንድምየው አያፍርም፣ ኢንሻላህ ለሙከራው ነገ ትመለሻለሽ አለኝ። "ገደል ግባ!" አልኩት በአማርኛ።

ከቤቱ ስወጣ ልጅቷ እያለቀሰች ተከተለችኝ። እናቷ እጇን ያዘቻት፤ ታግላ አመለጠቻትና ደረጃው ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ደማ። በእኔ እጅ አንድ ቀን ወድቃ የማታውቅ ልጅ! ፌስታሌን ጥዬ ላነሳት ጎንበስ ስል መዳም "አትንኪያት!" ብላ ጮኸችብኝ፤ "አንቺ አታዪም!"