የአባዬ ፍሬን ሲጮህ

የብስክሌት ፍሬን እሪ ሲል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ዛሬም ይቆማል። መሳለሚያ ባደግኩበት ቤት ያ ድምፅ አባዬ መጣ ማለት ነበር።

አባዬ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅቤ ይነግድ ነበር፤ በኮባ ጠቅልሎ፣ ብስክሌቱ ኋላ ጭኖ፣ በየቤቱ ያደርስ ነበር። ክረምት ሲገባ የፍሬኑ ላስቲክ እርጥቡን የጎማ ብረት፣ ቸርኬውን፣ ሲይዝ ስለሚጮህ፣ የሰፈሩ ሰው «አምቡላንስ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ!» እያለ ይሥቅበት ነበር። አባዬ ይሸማቀቃል፣ እማዬ ግን ድምፁን ከሩቅ ስትሰማ ፊቷ ፈታ ብሎ ወጡን ታሞቅ ነበር።

መስቀል አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ጩኸቱ ጠፋ፤ ፍሬኑም አብሮ ጠፋ። አባዬ አንድ ቀን የበርበሬ ጆንያ ላይ ወጥቶ፣ ከእግር እስከ ራሱ ቀልቶ ገባ። ብስክሌት ጠጋኙ ጋሼ ከድር ላስቲኩን ቀየረ፣ ሽቦውን አጠበቀ፤ እሱ ጋ ሲሞከር ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ በማግስቱ ግን ያንሸራትታል። አባዬ ወደ ጋሼ ከድር ከመሄዱ በፊት፣ ሰው ፊት በቆሻሻ አይቀረብም ብሎ ሁልጊዜ ብስክሌቱን በሳሙና ያጥብ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እማዬ እንቅልፍ አጣች። «ወይ ብስክሌቱ ይሸጣል፣ ወይ እኔ አገሬ እገባለሁ» አለች። ከተሸጠ ደግሞ አባዬ ያንን ሁሉ ቅቤ በታመመ ወገቡ ሊሸከም ነው።

የብስክሌቱ ገዢ በሚመጣበት ጠዋት ጋሼ ከድር ዋጋ ሊያስማማ ቤታችን ተቀምጦ ነበር። እኔ መቀመጥ ድሮም አልችልም፤ ወጥቼ ብስክሌቱን ገለበጥኩት፣ የኋላውን ጎማ አሽከርክሬ ፍሬኑን ያዝኩት። ድምፅ የለም፣ ጎማው ይሄዳል። ቸርኬውን ዳስሼ ጣቴን አሸተትኩ።

«አባዬ፣ ቸርኬው ቅቤ ቅቤ ይላል!»

«ታዲያ እንዳይጮህ ጠዋት ጠዋት እቀባው የለም እንዴ?» አለ አባዬ ኮራ ብሎ። በቤታችን ራስ ምታቱም፣ የደረቀው ጠፍርም፣ የበሩ ማጠፊያም የሚታከመው በቅቤ ነበር። ለካ ጋሼ ከድር ጋ ሲሞከር የሚይዘው በሳሙና ታጥቦ ስለሚሄድ ነው።

ጋሼ ከድር ሆዱን ይዞ ሣቀ። «ሹሩባም ሠርተህለት ይሆን?»

ገዢው ሲደርስ ቸርኬው በፍል ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ላስቲኩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ አባዬ በሩ ላይ እየነዳው ነበር። ፍሬኑን ሲይዝ ብስክሌቱ እሪ ብሎ ቀጥ አለ። ጋሼ ከድር ላስቲኩን ትንሽ አዙሮ ጩኸቱን ሊያጠፋው ሲል እማዬ ከለከለችው።

«ተወው ከድርዬ፣ ይጩህ። መምጣቱን ልስማበት።»

ገዢው ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ መርካቶ ውስጥ የማላውቀው የፍሬን ሕመም የለም፤ ይህን ስል አላፍርም።

ዛሬ የልጅ ልጄ በብስክሌት ዕቃ ያደርሳል። ፍሬኑን የማስተካክልለት እኔው ስለሆንኩ ሹክ እንኳ አይልም። ያኔ እማዬ ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ እኔ ግን ሲመሽ እሱ እስኪገባ ከወንበሬ በር፣ ከበር ወንበሬ ስመላለስ እቆያለሁ። ትናንት ላስቲኩን በእጄ ትንሽ አዞርኩት። መያዙን በደንብ ይይዛል።

«አያቴ፣ ፍሬኔ መጮህ ጀመረ እኮ» አለኝ ሲገባ።

እኔ ግን ከመሳለሚያ ጥግ ጀምሬ ሰምቼው፣ ተቀምጬ ነበር የጠበቅኩት።