በውዱእ ጆግ ያፈሰስኩት ጨው

የበደለችኝ ሐዋ ናት፤ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ የበደልኳትን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጅጅጋ ውስጥ ለከብት የሚሆን ጨው እሸጣለሁ፤ ሰፈሩ ኤዶ ሳህራ፣ አክስት ሳህራ ማለት ነው፣ ይለኛል። ሐዋ ጎረቤቴ ናት፤ ጨርቅ ትሸጣለች። ያን ቀን መንገዳችን ላይ ካሜራ፣ የፀሐይ መብራትና ዛፍ ሊተከል ነው ተብሎ ነጋዴው አስተያየቱን ይስጥ ተባለ። ሐዋ ተነሳች።

«ስማርት ከተማ ከፈለግን መጀመሪያ የኤዶ ሳህራ ቆርቆሮ ይነሳ። ፍየል የሚታሰርበት ይመስላል።»

አዳራሹ ሳቀ። ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት ጥላ በሳምንቱ ፈረሰ። «ዛፉ ሲያድግ ጥላ ይሆንሻል፣ ታገሺ» አለችኝ። በእኔ ዕድሜ?

ችግኞቹን ፈርማ የተረከበችው እሷ ነበረች። ሰፈራችን ውሃ በጀሪካን ስለሚገዛ፣ ለሶላት ስንታጠብ ከውዱእ የተረፈንን ውሃ ሁላችንም ችግኞቹ ላይ እንድናፈስ ለመነችን። ሁሉም አፈሰሰ። እኔም አፈሰስኩ። የእኔ ጆግ ውስጥ ግን ጨው ነበረበት።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ንዴት ነው እል ነበር። እኔ ከረመዳን እስከ አረፋ አፈሰስኩ። በየትኛው እጄ? ልሰግድ በታጠብኩበት እጄ። ሐዋ ስታየኝ «አላህ ይስጥሽ ኤዶ፤ እኔኮ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር» ትለኛለች። ምን መለስኩላት? አሜን አልኩ።

ችግኞቹ ደረቁ። ተከላውን ሊያዩ የመጡት የፕሮጀክቱ ሰዎች ነጋዴው አረንጓዴ ከተማ አይፈልግም ብለው ጻፉ። ሐዋን ሰፈሩ «ደን ጠባቂዋ» እያለ መሳቂያ አደረጋት። ስብሰባ የማያመልጣት ሴት ዛሬ አፏን አትከፍትም። ይህን ፈልጌ ነበር፤ አገኘሁት። ቆርቆሮዬ ግን አልተመለሰም። እሷም እኔም ፀሐይ ላይ ነን።

አምና ታብሌት የያዘች አንዲት ሠራተኛ መጥታ ዛፍ እንደገና ቢተከል እንፈልግ እንደሆነ ጠየቀችን። ሐዋ እኔን አየች። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፈሩ ጨው አለበት፣ ቆፍራችሁ ለውጡት ማለት ምን ያህል ከባድ ነበር? ማን አፌን ያዘኝ? ማንም።

«ይህ አፈር ዛፍ አይቀበልም» አልኩ።

ሐዋ አምናኝ ራሷን ነቀነቀች። ሴትየዋ ጻፈች። ችግኞቹ ወደ ሌላ መንገድ ሄዱ።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ እሷንም አልጠየቅኳትም። በዚያው ቀን ከሰዓት ከቀብሪበያ ለመጡ ደንበኞቼ ጨው መዝኜ ሸጥኩ፤ ከዚያም ጆንያዬን አስሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።