ያለ ወለድ የተኛው የጡረታ ገንዘባችን

ነቀምቴ በሚገኝ አንድ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ። ደርግ ድርጅቱን ከወረሰው ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ ስለነበር ለቃሚ ሴቶቹ የሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። የፈለጉት ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው ነበር።

ሚዛን ላይ የሚሠሩ ቢላ ከምትባል ከተማ የመጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ፣ እንላቸዋለን። ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች ዘመን ጀምሮ ጆንያ ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ዕለት አንድ ወረቀት ይዘው መጡና «ኢንተላ ኮ፣ አንብቢልኝ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ወረቀቱ የፕሮቪደንት ፈንዳቸው ነበር፦ በየወሩ ከደመወዛቸው የተቆረጠው፣ ድርጅቱ የጨመረላቸው፣ ከዚያ ድምሩ። «ወለድ» ከሚለው ቃል ፊት ሰረዝ ብቻ ተሰምሯል።

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ምንም አልተጨመረልዎትም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና መጀመሪያ ዓመት ያስቀመጡት ብር በጊዜው ጊደር ይገዛ እንደነበር፣ ያው ብር ዛሬ ከበግ እንደማያልፍ ነገሩኝ። ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ። እኔን ግን ያንገበገበኝ ይሄው አለመቆጣታቸው ነው።

የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ እውነቱን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ገንዘባችን ወለድ በማይከፍል ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። የቡና ግዢ ወቅት ደርሶ ገንዘብ ሲያጥር ድርጅቱ ከእሱ እያወጣ ይገዛበታል፤ ቡናው ሲሸጥ የወሰደውን ብቻ ይመልሳል። ትርፉ የድርጅቱ ነው፣ የእኛ ገንዘብ ግን እንደወጣ ይመለሳል። ባንክ ቤት ሄጄ አንድ ጸሐፊ ስጠይቅ ቁጠባ ሒሳብ ወለድ እንዳለው፣ ለተወሰኑ ዓመታት ሳይነካ የሚቀመጥ ገንዘብ ደግሞ የበለጠ እንደሚያገኝ አስረዳኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢሮአችን ውስጥ ጠፍቶ ነው?

ኮሚቴው ማመልከቻ ጻፈ። ጡረታው የቀረበ ሰው ገንዘቡ ቁጠባ ውስጥ ይግባለት፤ ገና ብዙ ዓመት የቀረው፣ ከፈለገ ረጅም ጊዜ ይታሰርለት፤ ምርጫው የባለቤቱ ይሁን አልን። ለሴቶቹ ቡና እየለቀምን አብዛኛውን በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ገና ሳልጨርስ አንዷ «ጎተራ የከረመ ዘር ይነቅዛል እንጂ አይበቅልም» ብላ ጣቷን ለቀለም ዘረጋች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠራን። ካድሬውም አጠገቡ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ወለድ የአራጣ አበዳሪ ቋንቋ እንደሆነ፣ በሰፊው ሕዝብ ድርጅት ውስጥ ትርፍ የሚመኝ ሠራተኛ ንቃተ ኅሊናው ዝቅተኛ እንደሆነ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ፣ ባንኩም እኮ የሰፊው ሕዝብ ነው» አልኩት። «ወለዱንም የሚከፍለን እሱ ነው። ድርጅቱ ግን በገንዘባችን ቡና ሲገዛ አልጠየቀንም።»

ካድሬው ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። በሳምንቱ «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ወደ ኑኑ ቁምባ ቡና መግዣ ጣቢያ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። የአራት ወር ሴት ልጄን አዝዬ ሄድኩ። መኖሪያዬ ከመጋዘኑ ጋር የተያያዘች፣ ዝናብ የምታስገባ አንዲት ክፍል ነበረች። በዚያች ክፍል ልጄ ስታስል ባደረች ቁጥር የዚያን ሥራ አስኪያጅ ንግግር አስታውሳለሁ።

ነቀምቴ የቀሩት ሴቶች ግን አልተዉትም። የጣት አሻራቸው ያለበትን ማመልከቻ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ላኩት። ከዓመት በላይ ቆይቶ መመሪያ መጣ፦ የሠራተኞች ፈንድ ወደ ቁጠባ ይዛወር፣ ረጅም ጊዜ ማስቀመጥ የሚፈልግ ቅጽ ይሙላ። የእኔም ዝውውር ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ። የተመለስኩበት ሳምንት ሥራ አስኪያጁ መመሪያውን ራሱ ለፍቶ ያስገኘው አስመስሎ አነበበው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

መመሪያው ላለፈው አይሠራም ተባለ። ኦቦ ለደከሙባቸው ዓመታት አንዳች እንዲታሰብላቸው በደብዳቤ ጠየቅሁ፤ አይቻልም የሚል መልስ መጣ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ቢላ ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ለእናንተስ?» አሉኝ።

ለእኛ ከዚህ ወር ጀምሮ ይታሰባል አልኳቸው።

«ቶሌ፣ እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ደግ ነው» አሉና እርጎ አስቀዱልኝ። ለማንም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሲሸኙኝም ስለነገርኳቸው ስለ ልጄ ሳል ነበር የሚጠይቁኝ። እኔ ግን ነቀምቴ እስክገባ ድረስ መኪናው ውስጥ ስብከነከን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በእሳቸው ገንዘብ የተነገደበትን ትርፍ ማን እንደበላው እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ ይቅርታም የጠየቀን የለም።